አልጋ፣ ዋስና ገበያ፦ በአንዲት የጋና የገበሬዎች ከተማ ሆቴል ውስጥ የተደረገ ምልከታ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ሙሉ ጽሑፉ)



የዛሬው ርእሴ ለአንዳንዶቻችሁ ከዚህ አዳራሽ ክብር ያነሰ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ስለ ምዕራብ አፍሪካ ንግድ የሚናገር ምሁር አብዛኛውን ጊዜ ስለ ወርቅ፣ ስለ ጨው፣ ስለ ኮላ ፍሬ ወይም ስለ ካካዎ ይናገራል። እኔ የምናገረው ስለ አልጋ ነው፤ በአንዲት የገበሬዎች ከተማ ስላለ፣ ኮከብ ስለሌለው ርካሽ ሆቴል። ላስረዳችሁ የምሻው ነጥብም አንድ ነው። ነጋዴ የሚያድርበት ቤት የገበያው ተቀጥላ ሳይሆን የገበያው አንድ አካል ነው። እንግዳው ጠዋት ደጁን ሲለቅ ለማን ምን ዕዳ እንዳለበት ካልመረመርን፣ ገበያው እንዴት እንደሚሠራ አውቀናል ልንል አንችልም።

ከተማዋ ቴቺማን ትባላለች። የምትገኘው በጋና መካከለኛ ክፍል፣ የደቡቡ ደን ከሰሜኑ የሣር ምድር ጋር በሚገናኝበት ቀበቶ ላይ፣ ከኩማሲ በስተሰሜን 120 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተመሠረተው የቦኖ ኢስት ክልል ርእሰ ከተማም ናት። አካባቢው በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅቶች ስላሉት በቆሎ ሁለት ጊዜ ይመረትበታል፤ እኛ ቦዬ የምንለው ያም፣ ካሳቫ፣ ቲማቲምና ካሹም ይበቅሉበታል። ከደቡብ ወደብ ወደ ቡርኪና ፋሶ የሚዘልቀው መንገድ የሚያልፈው በዚሁ በኩል ነው። በመሆኑም ከረቡዕ እስከ ዓርብ በሚደራው ገበያ የአካባቢው ገበሬ፣ የአክራና የኩማሲ ጅምላ ገዢ፣ ከሳሕል አገሮች ሽንኩርት የሚያመጣው ነጋዴ፣ ሁሉም በአንድ ቦታ ይገናኛሉ። ያም በመቶ እየተቆጠረ፣ በቆሎ በጆንያ እየተሰፈረ ይሸጣል። ይህ ሁሉ ሰው የሚመሽበት ከቤቱ ርቆ ነው። እንግዲህ የት ያድራል?

እኔ ለአንድ የንጽጽር ጥናት ሦስት ሳምንት ያህል ያረፍሁበት ሆቴል ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ያለ፣ አሥራ አራት ክፍሎች በአንድ ግቢ ዙሪያ የተደረደሩበት ባለ ምድር ቤት ነው። ክፍሎቹ ባለ ቬንትሌተርና ባለ ኤሲ ተብለው ይለያሉ፤ የዋጋው ልዩነት ከፍ ያለ ስለሆነ ነጋዴ የሚይዘው ባለ ቬንትሌተሩን ነው። በየመታጠቢያ ቤቱ ትልቅ ባልዲና መቅጃ ተቀምጧል። በግቢው ጥግ ጥቁር የፕላስቲክ የውኃ ማጠራቀሚያ ቆሟል፤ እኛ በአምራቹ ስም «ሮቶ» እንደምንለው ሁሉ እነርሱም በአምራቹ ስም «ፖሊታንክ» ይሉታል። የሚጠጣው ውኃ በግማሽ ሊትር ከረጢት ታሽጎ ስለሚሸጥ ጫፉን በጥርስ ነክሶ መጠጣትን መልመድ ያሻል። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ማንም አይደናገጥም፤ ለዚህ «ዱምሶር» የሚል የራሳቸው ቃል አላቸው፤ «ጠፋ፣ በራ» እንደ ማለት ነው። ንጋት ላይ ከጎረቤት ግቢ የፉፉ መውቀጫ ድምፅ ይሰማል። አንሶላው ንጹሕ ነው፤ በሩም በወጉ ይቆለፋል። በኋላ እንደምትሰሙት፣ ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል አይደለም።

እንግዳ ሲመጣ የመዝገብ ደብተር ይቀርብለታል። ስም፣ ዜግነት፣ ሥራ፣ የመጣበት ቦታ፣ የሚሄድበት ቦታ፣ የጉዞው ምክንያት። የአካን ሕዝብ የእንግዳ አቀባበል ሥርዓትን ለሚያውቅ ሰው ይህ ደብተር እንግዳ አይሆንበትም። በሥርዓቱ መሠረት እንግዳ «አክዋባ» ተብሎ መቀመጫ ይሰጠዋል፤ ውኃ ይቀርብለታል፤ ከዚያ በኋላ «አማኔ» ይጠየቃል። አማኔ ማለት የመምጣቱ ጉዳይ ነው፤ በእኛ አነጋገር «ምን እግር ጣለህ?» እንደሚባለው። ደብተሩ ያንኑ ጥያቄ በዓምድ ከፋፍሎ ያቀርበዋል። ልዩነቱ ከመልሱ በኋላ የሚመጣው ነው። አማኔን የሰማ ባለቤት ለእንግዳው ጉዳይ በከፊል ኃላፊ ይሆናል፤ ደብተሩን ያስሞላ ሆቴል ግን ከአልጋው በቀር ኃላፊነት የለበትም።

የሆቴሉን እንግዶች ስመለከት የአካባቢው የኑሮ አቆጣጠር ተገለጠልኝ። በሳምንቱ አጋማሽ ነጋዴዎችና የጭነት መኪና ሾፌሮች ይሞሉታል። ከዓርብ ማታ ጀምሮ ጥቁርና ቀይ የለበሱ ለቀስተኞች ይተካሉ፤ በአካን አካባቢ ታላላቅ የቀብር ሥርዓቶች የሚካሄዱት በሳምንቱ መጨረሻ ነውና። የካሹ ምርት በሚደርስበት፣ በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት ደግሞ የካሹ ገዢዎች እንደሚመጡ የሆቴሉ ሰዎች ነገሩኝ፤ የጋና ጥሬ ካሹ በአብዛኛው የሚላከው ወደ ሕንድና ወደ ቬትናም ነው። በመካከሉ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የማዳበሪያ ሻጩና እንደ እኔ ያለው ተመራማሪ አሉ።

በደብተሩ ላይ የማይገኙትም ሊነገርላቸው ይገባል። ያሙን በመኪና ያመጣው ገበሬ ሸጦ እስኪጨርስ ከክምሩ አጠገብ ይተኛል። በጆንያዎቿ ላይ ኩታዋን አንጥፋ የምታድር ሴት ነጋዴ አለች። ከሰሜኑ ክፍል መጥተው ጭነት በራሳቸው የሚሸከሙ፣ «ካያዬ» የሚባሉ ወጣት ሴቶች በሱቅ በረንዳ ሥር ተጠጋግተው ያድራሉ። ከተማዋን የሚያበላውና ገበያዋን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ነው በከተማዋ አልጋ የሌለው።

ለመሆኑ ከሆቴሉ በፊት ምን ነበር? በዚህ አካባቢ የሩቅ አገር ንግድ ረጅም ታሪክ አለው። ከቴቺማን በስተምዕራብ የነበረችው ጥንታዊቷ ቤጎ ከኒጀር ወንዝ መካከለኛ ተፋሰስ ጋር የምትነግድ ከተማ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሜሪክ ፖዝናንስኪ የተመራው ቁፋሮ ከተማዋ በየሰፈሩ የተከፋፈለች እንደነበረች አሳይቷል፤ «ክራሞ» የተባለውም የሙስሊም ነጋዴዎች ሰፈር ነበር። ዛሬም በጋና ከተሞች «ዞንጎ» የሚባለው የመጤዎች ሰፈር ስሙን ያገኘው የሲራራ ማረፊያን ከሚያመለክት የሐውሳ ቃል ነው። ቤት መከራየትም በአውሮፓውያን የመጣ አይደለም፤ ኢብን ባቱታ እ.ኤ.አ. በ1352 ወደ ማሊ ንጉሥ መዲና ሲጓዝ በዚያ ለሚኖሩ ሰዎች ቤት እንዲከራዩለት አስቀድሞ ጽፎ ነበር።

በንግዱ ዓለም ግን ዋነኛው ተቋም ኪራይ አልነበረም፤ በሐውሳ ቋንቋ «ማይ ጊዳ» የሚባለው፣ በቁሙ ባለቤት ማለት የሆነው ሰው ነበር። ፖሊ ሂል እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመችው ጥናት ባለቤትነትና ደላላነት በአንድ ሰው የተያዙበትን ይህን ሥርዓት ለይታ አሳይታለች። አብነር ኮኸን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1969 በታተመው መጽሐፉ በናይጄሪያ ኢባዳን፣ ሳቦ በተባለው የሐውሳ ሰፈር፣ የከብትና የኮላ ነጋዴዎች እንዴት እንደሚስተናገዱ በዝርዝር አቅርቧል። ማይ ጊዳው ነጋዴውን ያሳድራል፣ ይመግባል፤ ዕቃውንና ገንዘቡን ይጠብቅለታል፤ ገዢ ይፈልግለታል። ከሁሉ በላይ፣ ሽያጩ በዱቤ ሲሆን ለገዢው ዋስ የሚሆነው እርሱ ነው። ለአልጋው አያስከፍልም፤ የሚያገኘው ከሽያጩ በሚነሣው ኮሚሽን ነው። አልጋው ስጦታም ሸቀጥም አይደለም፤ የውሉ የመጀመሪያ አንቀጽ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ዓይነት ማደሪያዎችን መለየት እንችላለን። አንደኛው በእኛ አገር «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ተብሎ የሚጠየቀው ነው፤ «ቤት የእግዜር ነው» የሚል መልስ ያገኛል፤ ዕዳው በሰውና በፈጣሪ መካከል ይቀራል። ሁለተኛው የማይ ጊዳው ቤት ነው፤ ዕዳው በሁለት ሰዎች መካከል ለዓመታት ይቆያል፤ እንግዳው ወደ ሌላ ባለቤት ቢሄድ እንደ ክህደት ሊቆጠርበት ይችላል። ሦስተኛው ሆቴሉ ነው፤ ዕዳው ጠዋት ቁልፍ ሲመለስ ያበቃል።

ሦስተኛውን አሳንሶ ማየት ስሕተት ነው። በሆቴሉ በየሳምንቱ የሚያርፉ፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ የማያንስ አንዲት የበቆሎ ነጋዴ ነበሩ። በከተማዋ ዘመድ እያላቸው ለምን ለአልጋ እንደሚከፍሉ ጠየቅኋቸው። «ፓፓ» ብለው ጀመሩና፣ ዘመድ ቤት ካደሩ የሸጡበት ዋጋ ሳይነጋ እንደሚታወቅ፣ ከታወቀም ብድር የሚጠይቅ እንደማይጠፋ፣ እምቢ ቢሉም ወቀሳው እንደሚከተላቸው አስረዱኝ። እዚህ ግን ቁልፉ የእርሳቸው ነው። ግሬስያ ክላርክ ስለ ኩማሲ ሴት ነጋዴዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳሳየችው፣ የነጋዴ ሴት መነሻ ገንዘብ በቤተሰብ ግዴታና በንግድ መካከል ሁልጊዜ የሚሳብ ነው። የሚቆለፍ በር ያንን ገንዘብ ለአንዲት ሌሊት ያድነዋል። ቀላል አይደለም ያልሁት ስለዚህ ነው።

ይህ ነጻነት ግን ዋጋ አለው። በዚያው ሆቴል ከሰሜን በቆሎ ይዞ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ አንድ ወጣት አገኘሁ። አልጋውን ከፍሎ ይዟል፤ የሚያውቀው ሰው ግን የለም። ትልልቆቹ ገዢዎች በዱቤ ወስደው ከሳምንታት በኋላ መክፈልን ይመርጣሉ፤ ለእርሱ ደግሞ ገዢው እንደሚከፍል የሚያረጋግጥለት ዋስ የለውም። ስለዚህ እጅ በእጅ ለሚከፍሉ ትንንሽ ገዢዎች፣ ዝቅ ባለ ዋጋ ሸጦ ሄደ። ሆቴሉ አልጋ ሰጥቶታል፤ ዋስትና ሊሰጠው ግን አይችልም።

በሌላ አነጋገር፣ የማይ ጊዳው ሥራ ዛሬ ተበታትኗል። አልጋውን ሆቴሉ ወሰደ። ገንዘብ ጥበቃውን የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት፣ የዋጋ ወሬውን ስልኩ ወሰዱት። ዋስትናው ግን አሁንም በሰው እጅ ነው፤ በደላላው፣ በነባር ደንበኛው፣ በየሸቀጡ በተሰየመችው የገበያ እመቤት፣ በ«ኦሄማ»ዋ እጅ። አዲስ መጤው አራቱን ከአራት ቦታ መሰብሰብ አለበት፤ ሦስቱ በገንዘብ ይገዛሉ፤ አራተኛው አይገዛም።

ይህ ለእኛም የሩቅ ጉዳይ አይደለም። እሌኒ ገብረመድኅን በኢትዮጵያ የእህል ገበያ ላይ ባደረገችው ጥናት እንዳሳየችው፣ የክፍለ አገር ነጋዴ እህሉን ወደ አዲስ አበባ ደላላ ልኮ ራሱ ሳይመጣ ይሸጥ ነበር። የቴቺማኑ ወጣት ተጉዞ ዋስ አጣ፤ የእኛው ነጋዴ ዋስ ስላለው መጓዝ አላስፈለገውም። እምነት ጉዞን ይተካል፤ እምነት በሌለበት ግን ጉዞ እምነትን አይተካም።

ከዚህ ሁሉ ሁለት ሐሳቦችን አቀርባለሁ። የመጀመሪያው ለፖሊሲ ነው። የገበያ ልማት ሲታቀድ መደብር፣ መጋዘንና መንገድ ይሠራል፤ ማደሪያ ግን ይረሳል። በጋና የአካባቢ አስተዳደሮች ከነጋዴው የገበያ ቀረጥ ይሰበስባሉ፤ በእኛም አገር እንዲሁ ይሰበሰባል። ከዚያ ገንዘብ ጥቂቱ ለሴቶች የተለየ ክፍል፣ የሚቆለፍ ሣጥን፣ መታጠቢያና መብራት ላለው ርካሽ የገበያ ማደሪያ ቢውል፣ በጆንያ ላይ የምታድረው ሴት ቢያንስ ገንዘቧን ታቅፋ ከማደር ትድናለች። አዲስ መጤ ነጋዴዎችን ከታወቁ ገዢዎች ጋር በጽሑፍ ውል የሚያገናኝ ጽሕፈት ቤትም በዚያው ቢኖር፣ አልጋና ዋስትና እንደገና በአንድ ጣሪያ ሥር ሊገናኙ ይችላሉ፤ በዚህ ጊዜ ግን ነጋዴውን ለአንድ ባለቤት ዕድሜ ልክ ሳያስሩ።

ሁለተኛው ለእናንተ ለተማሪዎቼ ነው። ለመስክ ሥራ ስትወጡ ያደራችሁበትን ቤት በጥናታችሁ የስልት ምዕራፍ ውስጥ ጻፉ። በአስተዳዳሪው ቤት ያደረ ሰው የሚሰማው፣ በደላላው ቤት ያደረ የሚሰማውና በሆቴል ያደረ የሚሰማው አንድ አይደለም። እኔ በሆቴል በማደሬ ሾፌሩን፣ ለቀስተኛውንና ነጋዴዋን አገኘሁ፤ በበረንዳ የሚያድሩትን ግን ያየኋቸው ከውጭ ነው፤ ስለ እነርሱ የምለው በዚሁ ልክ ይመዘን። ከእናንተ መካከል ይህን ጥናት የሚቀጥል ካለ፣ መጀመሪያ የሚያነጋግራቸው እነርሱን ይሁን፤ የሚጀምርበትም ሰዓት ገበያው ከተበተነ በኋላ ይሁን።