«ይደገም» ማለትን የተማርንባት ግማሽ ሰዓት

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሒሳቡን ሪፖርት ጠዋት አቅርበናል። አሁን የምንናገረው በየወሩ ከስብሰባችን በፊት ሙዚቃ አብረን ስለምናዳምጥባት ግማሽ ሰዓት ነው። ባለፈው ሊጎበኙን ከመጡት ወዳጆቻችን መካከል አንዷ «ይህ ከቁጠባና ከብድር ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብለው ጠይቀውን ነበር። ያን ዕለት በቂ መልስ አልሰጠንም። ዛሬ እንሞክራለን።

አጀማመሩ ታቅዶ አልነበረም። ስብሰባችን ለስምንት ሰዓት ተጠርቶ ምልዓተ ጉባኤው የሚሞላው ስምንት ተኩል ላይ እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቀድመን የምንደርሰው ቡናው እስኪፈላ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። አንድ እሑድ ከመካከላችን አንዷ በስልኳ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ፒያኖ ከፈተች። ወሬያችን ቀስ በቀስ ቆመ። ሲያልቅ «ምን ተሰማችሁ?» አለችን። አንዷ «በገና መሰለኝ» አለች። ሌላዋ «ትዝታ ነው፤ ዘፋኝ ብቻ ነው የጎደለው» አለች። ሌሊት ተነሥታ እንጀራ የምትጋግር እህታችን «ሰው ሁሉ ተኝቶ ብቻዬን የነቃሁ መሰለኝ» አለች። አንዲት እናታችን ደግሞ ራሳቸውን ነቅንቀው «መነኩሲትን ከፒያኖ ጋር ምን አገናኛት?» ብለው ጠየቁ።

ጥያቄው ትክክለኛ ስለነበር ለሚቀጥለው ወር መልሱን ፈልገን መጣን። እማሆይ በ1916 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለዱ። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው፤ የቀድሞ ስማቸው የውብዳር ነው። እህታቸው ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በሀገራችን ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። የውብዳር በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ስዊዘርላንድ ተላኩ፤ የአውሮፓን ሙዚቃ የተዋወቁትም እዚያ ነው። በጠላት ወረራ ጊዜ ከቤተሰባቸው ጋር ተግዘው ወደ ኢጣሊያ ተወሰዱ። ከነፃነት በኋላ ካይሮ ሄደው ሙዚቃ አጠኑ። ለተጨማሪ ትምህርት ወደ ለንደን ሊሄዱ አስበው ሳይፈቀድላቸው ቀረ። በዚያ ኀዘን ግሸን ማርያም ገብተው መነኮሱ። ኋላ ጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ፣ የቆሎ ተማሪዎች ደጅ ሲያድሩ አይተው በሙዚቃቸው ሊረዷቸው አሰቡ። የመጀመሪያው ሸክላቸው ጀርመን ታተመ፤ ገቢውንም ለችግረኞች መርጃ አደረጉት። በመጨረሻ ዘመናቸው ኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ ገዳም ኖረው በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው አረፉ።

ይህን ስናነብ ጠያቂዋ እናታችን «እንግዲያ እሳቸውም ማኅበር ነበሩ በሉኛ!» አሉ። ሳቅን፤ ግን እውነታቸውን ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማዳመጡ ቀጠለ።

ሕጋችን ሦስት ነው። ሁሉም የሰማችውን ትናገራለች። የሌላዋን ጆሮ ማንም «ተሳስተሻል» አይልም። ያልሰማች ወይም የተጠራጠረች «ይደገም» ትላለች፤ ይደገማልም።

ሁሉም ነገር ተሳካ አንልም። አንድ ጊዜ የቤትሆቨንን አምስተኛ ሲምፎኒ ከፈትንና በዚያች ትንሽ ድምፅ ማጉያ ወፍጮ ቤት የገባን መሰለን። ሁለት ሰዎች «እባካችሁ ዝጉት» አሉ፤ ተዘጋ። ብዙ መሣሪያ ያለበት ሙዚቃ ለእኛ ዕቃ እንደማይሆን ተረድተን፣ አንድ መሣሪያ ብቻ ወደሚሰማበት ተመለስን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሙዚቃ የምትማር የአንዲት አባላችን ልጅ፣ እማሆይ በልጅነታቸው የተማሩት የአውሮፓ ሙዚቃ ምን ዓይነት እንደሆነ እንድንሰማ ሁለት ቅጂ ይዛልን መጣች። ድርሰቱ አንድ ነው፤ ጀርመናዊው ባኽ እ.ኤ.አ. በ1741 ያሳተመው «ጎልድበርግ ቫሪዬሽንስ» ነው። አንድ መነሻ ዜማ አለው፤ ከዚያ 30 ጊዜ መልኩን እየለወጠ ይሄድና በመጨረሻ ያው መነሻ ዜማ ይመለሳል። ተጫዋቹም አንድ ሰው ነው፤ ካናዳዊው ግሌን ጉልድ። እ.ኤ.አ. በ1955 በ22 ዓመቱ ቀዳው፤ በ1981፣ ሊሞት አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው፣ እንደገና ቀዳው። የፊተኛው 38 ደቂቃ ያህል ነው፤ የኋለኛው 51 ደቂቃ ያህል። እኛ የሰማነው መነሻ ዜማውን ብቻ ነው። በወጣትነቱ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይጨርሰዋል፤ በኋለኛው ሦስት ደቂቃ ያህል ይወስድበታል።

ክርክር ተነሣ። ወጣቶቹ የፊተኛውን ወደዱ። አንዷ ግን «ታክሲ የሚያመልጠው ይመስላል፤ በሁለተኛው ግን ቤቱ ደርሷል» አለች።

በዚህ መካከል አንዲት ሌላ እናታችን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከውስጥ የሚያንጎራጉር ሰው አለ» አሉ። እኚህ እናታችን በስድስት ዓመት አባልነታቸው በስብሰባ እጃቸውን አውጥተው አያውቁም፤ ቃለ ጉባኤም በጣት አሻራ ነው የሚፈርሙት። ይህን ታሪክ የምንናገረው ፈቃዳቸውን ጠይቀን ነው። አንዳንዶቻችን «የጎረቤት ድምፅ ይሆናል» አልን። እሳቸው ግን «ይደገም» አሉ። ተደገመ። ጸጥ ብለን ስናዳምጥ እውነትም ከፒያኖው ሥር የሰው ማንጎራጎር አለ። ልጅቷም ጉልድ ሲጫወት አብሮ እንደሚያንጎራጉር፣ በቅጂዎቹም ላይ ድምፁ እንደሚሰማ የታወቀ መሆኑን ነገረችን። ከሃያ በላይ ሆነን ያልሰማነውን እሳቸው ብቻቸውን ሰሙት።

በሚቀጥለው ወር፣ በመጋቢት ስብሰባ፣ የብድር ተመላሹን ዝርዝር እንደ ወትሮው በፍጥነት አነበብን። «ጥያቄ ያለው?» ብለን ወደሚቀጥለው አጀንዳ ልናልፍ ስንል እኚያው እናት «ይደገም» አሉ። የእሳቸውን መስመር ደግመን አነበብን። «እኔ በታኅሣሥ የታኅሣሥንም የጥርንም ከፍያለሁ፤ እዚያ ግን የምሰማው አንዱን ብቻ ነው» አሉ።

ደረሰኞቹን አወጣን። እውነታቸውን ነበር። የጥር ክፍያቸው 700 ብር በሞክሼያቸው ስም ተመዝግቧል። በዚህም ምክንያት ወደኋላ ቀርተዋል ተብሎ የሁለት ወር ቅጣት 40 ብር ተቀብለናቸዋል። ደብተሩን የምንጽፈው እኛ ነን፤ ስሕተቱ የእኛ ነው። በጉባኤው ፊት ይቅርታ ጠየቅን፤ ሒሳቡን አስተካክለን ቅጣቱን መለስን።

ከስሕተቱ ይልቅ ያስደነገጠን ከዚያ በኋላ የተናገሩት ነው። የጥሩ ዝርዝር ሲነበብም ሰምተውት ነበር። «ግን የተማሩ ሰዎች ያነበቡትን፣ የእኔ ጆሮ ነው የሚሳሳተው ብዬ ዝም አልኩ» አሉን። ሞክሼያቸውም ብድራቸው ከጠበቁት በላይ መቀነሱ አልገባቸውም ነበር፤ እሳቸውም አልጠየቁም። እኛ ደግሞ ለዓመታት ያንን ዝምታ ስምምነት ነው ብለን በቃለ ጉባኤ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» እያልን ስንጽፍ ኖረናል።

እንግዲህ የጠየቃችሁን እህታችን፣ መልሳችን ይህ ነው። ሙዚቃው ከማኅበሩ ሣጥን አንድ ብር አይወስድም፤ ስልኩም ድምፅ ማጉያውም የአባላት ነው። ሙዚቃ ሒሳብ ያስተምራል አንልም። ነገር ግን ፊደል የቆጠረችውም ያልቆጠረችውም በአንድ ዓይነት ጆሮ የምትቀመጥበት፣ የሰማችውን ብትናገር የማታፍርበት ቦታ ይህ ግማሽ ሰዓት ሆኖልናል። እዚያ «ይደገም» ማለት የለመደች ሴት፣ ገንዘቧ ሲነበብም ትለዋለች።

ከዚያ ወር ጀምሮ የሒሳብ ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ ቀስ ብለን እናነባለን። ከሁለተኛው ንባብ በፊት እያንዳንዷ ተበዳሪ የራሷን ቁጥር በቃሏ ትናገራለች። ስብሰባው ይረዝማል፤ ቡናውም ሦስተኛው ላይ ይደርሳል። ይህ አሠራር በመተዳደሪያ ደንባችን እንዲገባ ለጉባኤው ሐሳብ እናቀርባለን።

በሚመጣው ወር የእማሆይን ፒያኖ እንደገና እንከፍታለን። ያቺ «ይዘጋ» ያለችው እህታችንም ምርጫዋን ይዛ እንድትመጣ ተራው የእሷ ነው። ከስምንት ሰዓት በፊት የምትደርሱ ሁሉ ኑ፣ አብረን እንስማ።