ልደቴን ላንጋኖ ለማክበር ስናቅድ

(በማኅበራችን የታኅሣሥ ወር 2018 ዓ.ም. ስብሰባ ላይ በአባል የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው "ስለ ቁጠባ የሆነ ነገር ንገሪን" ሲለኝ ስለ ልብስ ስፌት ሱቄ ላወራ ነበር ያሰብኩት። በኋላ ሐሳቤን ቀየርኩ። ዛሬ የምነግራችሁ እኔና አምስት ጓደኞቼ ባለፈው ኅዳር ለሁለት ሌሊት ላንጋኖ ለመሄድ እንዴት እንዳቀድንና እንዴት እንደቆጠብን ነው። ጉዞው የልደቴ ነበር። አርባ ሁለት ዓመት ሞላኝ። የጓደኞቼን ስም አልጠራም፤ ታሪኩን እንድናገር ግን ፈቅደውልኛል። ሁለቱ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ከተሳሳትኩ ያርሙኛል።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ከባለቤቴ ጋር ከተጋባን አስራ አንድ ዓመታችን ነው። ልጅ የለንም። ስድስቱን ዓመት በህክምና አሳለፍን፤ በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ደግሞ ሦስት ጊዜ አይ ቪ ኤፍ ሞከርን። ላልሰማችሁ በአጭሩ ልንገራችሁ። እንቁላል በብዛት እንዲያድግ አስር፣ አስራ ሁለት ቀን ያህል በየቀኑ ሆድ ላይ መርፌ ይወጋል። ከዚያ እንቁላሉ ይወጣል፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ከባል ዘር ጋር ይገናኛል፣ ጽንስ ከሆነ ወደ ማህፀን ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ገደማ መጠበቅ ነው። እነዚያን ሁለት ሳምንታት የምታውቃቸው ያለፈችባቸው ብቻ ናት። ቀስ ብለሽ ትራመጃለሽ፣ ቀስ ብለሽ ታስያለሽ። መጨረሻ ላይ ደም ትሰጫለሽ፣ ስልክ ይደወላል።

ለእኔ ሦስት ጊዜ ተደወለ። ሦስቱም ጊዜ አልሆነም።

ከሦስተኛው በኋላ ሐኪሜ ቁጭ አድርጋ በእኔ ዕድሜና በቀረኝ የእንቁላል መጠን የሚሳካበት ዕድል በጣም ትንሽ መሆኑን ነገረችኝ። አላስፈራራችኝም፣ አላባበለችኝም። ለዚያ አመሰግናታለሁ። በዚያ ማታ እኔና ባለቤቴ ኩሽና ውስጥ ቆመን "ይብቃን" አልን። እሱ ነው ቃሉን ያወጣው፤ እኔ ግን ቀድሜ አስቤው ነበር። ሁለታችንም ሌላው እስኪናገር እየጠበቅን ኖሯል።

እህቶቼ፣ ስታቆሙ የሚመጣው ሐዘን ብቻ አይደለም። ግራ መጋባትም አለ። ስድስት ዓመት ሙሉ ወር የሚባለው ነገር ለእኔ ቁጥር ነበር። ቀን ሁለት፣ ቀን ስምንት፣ ቀን አስራ አራት። የእህቴ ልጅ ሰርግ ሐዋሳ ሲሆን "መርፌ ላይ ነኝ" ብዬ ቀረሁ። ጓደኞቼ ለንግሥ ቁልቢ ሲሄዱ "ምናልባት በዚያ ወር አርግዤ እሆናለሁ" ብዬ ቀረሁ። ካቆምን በኋላ አንድ ቀን ስልኬ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ስከፍት አንድም ቀጠሮ አልነበረበትም። ኅዳር 13ን አየሁት። ቅዳሜ ይውል ነበር። እዚያ ላይ "ልደት" ብዬ ጻፍኩ።

ለእናቴ ስነግራት ሳቀች። "ልደት የልጅ ነው እንጂ! ሻማ ልታጠፊ ነው?" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ በእኛ ዘመን ልደት የሚከበርለት ሰው ጥቂት ነበር። ልጅ ባለበት ቤት እንጂ ልጅ በሌለበት ቤት ልደት ምን ይሠራል ብዬ ራሴም አስቤአለሁ። እናቴ ግን ጥቂት ቆይታ ያልጠየቅኋትን መናገር ጀመረች። የተወለድኩት በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው። ኅዳር ሲታጠን እንደምታውቁት በየሰፈሩ ቆሻሻ ይቃጠላል፤ በ1911 ዓ.ም. ከገባው የኅዳር በሽታ ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው። "ምጡ የያዘኝ ጭሱ ሳይወጣ ነው። አዋላጇ እየሳለች ነው የተቀበለችሽ" አለችኝ። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ነግራኝ አታውቅም። ለካስ ልደት የልጁ ብቻ ሳይሆን የወላጇም ነው። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ወዲያው ደግሞ እኔ ለማንም እንዲህ ብዬ እንደማልነግር ትዝ አለኝ። ሁለቱም አብረው መጡ። እናቴን አቅፌ ዝም አልኩ።

አሁን ወደ ዕቅዱ ልግባ።

መጀመሪያ ቦታው። ቢሾፍቱ ቅርብ ነው፤ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በሙሽራና በቤተሰብ ይሞላል። ሐዋሳ ለሁለት ሌሊት ይርቃል። ላንጋኖ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ውኃው ቡናማ ቢሆንም ይዋኝበታል። ጸጥ ያለም ነው። ተስማማን።

ሁለተኛ ጊዜው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ሰኞ ይገባል። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት ሚካኤልን ተሳልመን እንውጣ፣ እሑድ ማታ እንመለስ ተባለ። ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። ከስድስታችን አንዷ ሙስሊም ስለሆነች ቅዳሜ ሥጋ ይሁን ቢባል የማን ሥጋ ይሆናል? ለዓርብ ሽሮ፣ ለቅዳሜ ከባቱ የሚገዛ ቆሮሶ ብለን ጨረስነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ግን እስካሁን አላለቀም።

ሦስተኛ ገንዘቡ። ይህ ኮሚቴው የጠየቀኝ ክፍል ነው። አምስታችን በሳምንት 500 ብር ለሃያ ሳምንት አስቀመጥን፤ 50,000 ብር ሆነ። ዕጣ የለውም፤ ማንም አስቀድሞ አይወስድም። ስድስተኛዋ ሥራ ስላቆመች በገንዘብ ፋንታ ስንቁን አሰናዳች፤ ድፎ ዳቦውን፣ ቆሎውን፣ ቡናውን። "የእኔ ያነሰ ነው" እንዳትል ከመጀመሪያው መዝገብ ላይ እንደ ሙሉ መዋጮ ጻፍነው። ከገንዘቡ ሦስት ክፍልና መኪና ተከራየን። ትንሽም ተረፈን።

አራተኛው ልጆቹ ናቸው። አራቱ ጓደኞቼ ልጆች አሏቸው። ይዘው ይምጡ ወይስ ይቅሩ? ልጆቹን እወዳቸዋለሁ፤ ሁለቱ የክርስትና ልጆቼ ናቸው። ግን ለዚያ ቅዳሜና እሑድ እናቶቻቸውን ብቻ ፈለግሁ። ይህን ለመናገር ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ "ቅናት ነው" እንዳይሉኝ ፈርቼ። ስናገር አንዷ ምን አለች መሰላችሁ? "እሰይ! እኔም ሁለት ሌሊት ልተኛ።" ልጆቹን አያቶችና አባቶች ያዙ፤ የአንዷን ሁለት ልጆች ደግሞ ከማኅበራችን እናቶች አንዷ ወሰደቻቸው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አምስተኛው ከባዱ ነው። ከጓደኞቼ አንዷ አርግዛ ነበር። አምስተኛ ወሯን ይዛ እኔ አላወቅሁም። ሰፊ ልብስ ትለብሳለች፣ ነጠላዋን ታሰፋለች፣ እቤቴ መምጣትም ቀንሳ ነበር። የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው። እርግዝናዋ አላመመኝም ብል እዋሻለሁ። የበለጠ ያመመኝ ግን መደበቋ ነው። ለካስ እኔ እንደ በሽተኛ ድምፅ ተቀንሶ የሚወራብኝ ሰው ሆኛለሁ።

ደወልኩላት። አለቀሰች። "በደስታሽ ቀን ፊትሽ ሆዴን ይዤ ከምቆም ብቀር ይሻላል" አለችኝ። ወዲያው "ኧረ ነይ" ማለት ይጠበቅብኝ ነበር። ግን አላልኩም። "አንድ ቀን ስጪኝ" አልኳት። ያን አንድ ቀን በእውነት አሰብኩበት። ሃያ ሦስት ዓመት ጓደኛዬ ናት። እሷ የሌለችበት ልደት ምን ዓይነት ልደት ነው? በማግስቱ ደወልኩና አንድ ነገር ተስማማን። ትመጣለች፤ ሆዷን አትደብቅም። እኔም ከከበደኝ ተነሥቼ እሄዳለሁ፤ ማንም "ምን ሆንሽ" ብሎ አይከተለኝም፤ ስመለስ ማንም አይጠይቀኝም። ሐኪሟን ጠይቃ መንገዱ ተፈቀደላት።

ስድስተኛው ስለ ወሬ ነው። ዓርብ ማታ እኔ ሁሉንም እንድናገር፣ ከዚያ በኋላ ግን ጉዳዩ እንዲዘጋ ተስማማን። "ተስፋ አትቁረጪ" አይባልም። ሣራ በዘጠና ዓመቷ መውለዷን ሁላችንም እናውቃለን፤ እኔ ደግሞ ስድስት ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ተነግሮኛል። ጉዲፈቻም ቢሆን እኔና ባለቤቴ ራሳችን ካላነሣነው አይነሣም።

ከመሄዳችን በፊት የቀረኝ አንድ ሥራ ነበር። ማቀዝቀዣዬ በር ላይ የተረፈ መድኃኒት አለ። መብራት በጠፋ ቁጥር በረዶ እየለመንኩ በፔርሙዝ ያቆየሁት መድኃኒት ነው። ለሌላ ሴት ልስጠው ብዬ የመድኃኒት ባለሙያ ጠየቅሁ፤ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ መቆየቱ ካልተረጋገጠ ለሰው መስጠት እንደማይቻል ነገረችኝ። ከመርፌዎቹ ጋር ወስጄ እንዲወገድ አስረከብኩ። ወደ ቤት ስመለስ የማቀዝቀዣው በር ባዶ ነበር። ለጉዞው ያነጠርኩትን ቅቤና አይብ አስቀመጥኩበት።

ስለ ጉዞው ብዙ አልናገርም፤ በሞጆ፣ በመቂና በባቱ አድርገን ደረስን። ዓርብ ማታ ተናገርኩ። ሦስቱን ስልኮች አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሲሰሙ አንዷም አላቋረጠችኝም። ቅዳሜ ከሰዓት ውኃው ውስጥ ቆመን ሳለ ያቺ ጓደኛዬ ድንገት ሆዷን ያዘች፤ ልጁ ረግጧታል። ሁሉም እኔን አዩ። ወጥቼ ሄድኩ። ዳርቻውን ይዤ ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻዬን ተራመድኩ፣ አለቀስኩም። እንደተስማማነው ማንም አልተከተለኝም። ስመለስ ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሶ ነበር። ስኒዬ ተቀድቶ ቀዝቅዟል። አፍስሰው አዲስ ቀዱልኝ፣ ጨዋታው ከቆመበት ቀጠለ። ማታ ዳቦውን የቆረሰችው ሙስሊሟ ጓደኛችን ናት፤ በዕድሜ ትበልጠናለች። "ዕድሜ ይስጥሽ" ብላ መረቀችኝ። "ዘር ይስጥሽ" አላለችም። አሜን አልኩ። በስንት ዓመቴ አንድ ምርቃት ሙሉውን ተቀበልኩ።

እህቶቼ፣ ከመጨረሴ በፊት አንድ ኑዛዜና ሁለት ምክር አለኝ።

ኑዛዜዬ ይህ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከማኅበራችን ስበደር ለሁለተኛ የስፌት መኪና ነው ብዬ ነበር። መኪና አልገዛሁም። ገንዘቡ ለሦስተኛው ዙር ህክምና ሄደ። ብድሩን በአስራ አራት ወር ከነወለዱ ከፍዬ ጨርሻለሁ፤ ውሸቱን ግን የከፈልኩት ባለፈው ወር ለኮሚቴው በመናገር ነው፣ ዛሬም ለእናንተ። ኮሚቴው ስቆጣ አላየሁትም፤ አንዷ አባል ብቻ "ለምን አልነገርሽንም?" አለችኝ። ቅጹ ላይ "ንግድ" እና "ትምህርት" እንጂ "ህክምና" የሚል ቦታ ስላልነበረ ነው ልል እችላለሁ። እውነቱ ግን አፍሬ ነው። ቢሆንም ያ ቦታ ቅጹ ላይ እንዲጨመር ሐሳብ አቅርቤአለሁ። ድጋፍ የምትሰጡን እንግዶቻችንም ይህን እንድታስቡበት እጠይቃለሁ። ሴት በችግሯ የምትዋሸው የእውነቱ ቦታ ሲጠፋ ነው።

የመጀመሪያው ምክሬ ለሚሞክሩት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ከስድስት አዋቂዎች አንዱ ያህል በሕይወቱ ይህ ችግር ያጋጥመዋል። ብቻችሁን አይደላችሁም። አንድ ዓመት ሞክራችሁ ካልሆነ፣ ሠላሳ አምስት ካለፋችሁ ደግሞ በስድስት ወር፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሁለታችሁም ሂዱ፤ ችግሩ በወንዱም በኩል ሊሆን ይችላል፣ የወንዱ ምርመራም ቀላሉ ነው። የማህፀን ኢንፌክሽን ሳይታከም ሲውል ሲያድር ቱቦ ሊዘጋ ይችላልና ሕመምን አትናቁ። የአይ ቪ ኤፍ ህክምና ለመጀመር ካሰባችሁ ደግሞ ሳትጀምሩ ስንት ጊዜ እንደምትሞክሩና ስንት ገንዘብ እንደምታወጡ ከባላችሁ ጋር ተነጋግራችሁ ጻፉት። እኛ አልጻፍነውም፤ ስለዚህ ለማቆም ቃል አጣን።

ሁለተኛው ምክሬ ልጅ ላላችሁ ነው። ከእኛ አትደብቁ። ስታረግዙ ንገሩን፤ ከዚያ ለማልቀስ አንድ ቀን ስጡን። ስንመለስ ቡናችንን ቅዱልን።

ጓደኛዬ በሚቀጥሉት ወራት ትወልዳለች። ገንፎውን የማገነፋው እኔ ነኝ፤ ተስማምተናል። የዚያን ቀን ጠዋት ከከበደኝ ትንሽ አርፍጄ እመጣለሁ፤ እሱንም ነግሬአታለሁ። ለሚመጣው ዓመት ልደቴ ደግሞ ቁጠባው ከጥር ጀምሮ ይቀጥላል፤ አሁን በሳምንት 600 ብር ሆኗል። ሁለት ሰው ለመጨመር ቦታ አለን።