«ፎር!»፦ የአንድ ማስጠንቀቂያ ጩኸት መነሻ



ጎልፍ ጸጥታ የሚከበርበት ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ ዱላውን ሲያነሣ በዙሪያው ያለው ሁሉ ዝም ይላል። ኳሱ መንገዱን ስቶ ወደ ሰው ሲበር ግን መጮህ ግዴታ ይሆናል፤ የሚጮኸውም «ፎር!» ተብሎ ነው።

ስለ ጩኸቱ መነሻ ከሚነገሩት አንዱ ወደ ጦር ሜዳ ይወስደናል። መድፈኞች በወገን እግረኛ ራስ ላይ አሳልፈው ሲተኩሱ ከፊት ያለው እንዲጠነቀቅ ይጮኹ ነበር፤ ጎልፍ ተጫዋቾችም ከእነሱ ወረሱት ይባላል። ታሪኩ ይማርካል፤ ከመድፉ ወደ ጎልፍ ሜዳው የሚያሻግር ማስረጃ ስለሌለው ግን እኔን አላሳመነኝም።

እኔን የሚያሳምነኝ የአንድ ልጅ ታሪክ ነው። ስኮትላንዳዊው ዊልያም ታይትለር እ.ኤ.አ. በ1792 በታተመ ጽሑፉ እንደሚተርከው፣ በኋላ ንጉሥ ጄምስ የሆነው የዮርክ መስፍን በኤድንብራ አጠገብ በሊዝ ሜዳ ሲጫወት፣ አንድሪው ዲክሰን የሚባል ልጅ ዱላውን ይሸከምለት፣ ፊት ፊቱንም እየሮጠ ኳሱ የወደቀበትን ይናገር ነበር። በታይትለር ዘመን ይህን ሥራ የሚሠራው «ፎርካዲ»፣ ማለትም የፊት ካዲ (ዱላ ተሸካሚ) ይባል ነበር።

አንድ ሰው ኳስ ለመጠበቅ ብቻ ለምን ይቀጠራል? መልሱ ያለው ኳሱ ውስጥ ነው። የዚያ ዘመን ኳስ ከቆዳ ይሰፋል፤ በተተወለት ትንሽ ቀዳዳ በኩል የራሰ የዝይ ላባ በብረት እየተጠቀጠቀ ይሞላል። ሲደርቅ ላባው ወደ ውጭ ይገፋል፣ ቆዳው ወደ ውስጥ ይሸበሸባል፤ ኳሱም ይጠጥራል። ጎበዝ ባለሙያ እንኳ በቀን የሚያወጣው ጥቂት ኳስ ነበር። እንዲህ ያለው ውድ ዕቃ ሣር ውስጥ ገብቶ ሲቀር ኪሳራው ቀላል አይደለም። ስለዚህ ተጫዋቹ ከመታ በኋላ ከፊት የቆመውን ሰው ይጠራዋል፤ ኳሱን እንዲያይ፣ ራሱንም እንዲጠብቅ። ሙሉውን ስም ለመጥራት ጊዜ ስለሌለ «ፎር» ብቻ ቀረ ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. ከ1848 ወዲህ ከዛፍ ሙጫ የሚሠራ ርካሽ ኳስ ሲመጣ የፊት ካዲው አስፈላጊነት ቀነሰ፤ ጩኸቱ ግን ከፊት ላለ ሰው ሁሉ ሆነ። በስኮትላንድ፣ በሴንት አንድሪውስ አሮጌው የጎልፍ ሜዳ፣ የሕዝብ መንገድ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጉድጓድ ሜዳ አቋርጦ ያልፋል፤ እዚያ ማስጠንቀቂያው የሚያስፈልገው ለመንገደኛውም ነው።

ጩኸቱ በእርግጥ ያድናል ወይ? ያድናል። የታወቀ ባለሙያ የመታው ኳስ ከዱላው ሲነሣ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። ድምፅ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚሄድ፣ 150 ሜትር ርቆ ለቆመ ሰው ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይደርሰዋል፤ ኳሱ ከ2 ሰከንድ በላይ ይወስድበታል። በመካከል ያለው ጊዜ ጎንበስ ለማለት ይበቃል።

በዚህ ምክንያት፣ አንዳንድ ባለሙያዎች ሳይጮኹ ክንዳቸውን ዘርግተው አቅጣጫ ብቻ ሲጠቁሙ ሳይ እቆጣለሁ። አደጋው ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በፓሪስ አቅራቢያ በተካሄደው የራይደር ዋንጫ የጎልፍ ውድድር አንዲት ተመልካች በኳስ ተመትታ የአንድ ዓይኗን ብርሃን አጥታለች። ጀርባውን የሰጠ ተመልካች የተዘረጋ ክንድ አያይም። ተጫዋቹ ኳሱ ከመስመር መውጣቱን እንዳየ፣ ሰው ይኑር አይኑር ሳያጣራ፣ ባለ በሌለ ድምፁ ይጩኽ። የሰማውም ኳሱን ለመፈለግ ቀና አይበል፤ ራሱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ያጎንብስ።