መባእ በኅብረ ጠጠር፤ ስለ ራቬናው የቅዱስ ቪታሊስ ቤተ ክርስቲያን



በኢጣልያ አገር በራቬና ከተማ የሚገኘው የቅዱስ ቪታሊስ ቤተ ክርስቲያን፣ ጎቶች ከተማይቱን በሚገዙበት ዘመን በጳጳሱ በኤክሌሲዮስ ተጀምሮ፣ ከተማይቱ በ540 በቁስጥንጥንያ መንግሥት እጅ ከገባች በኋላ፣ በ547 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጳጳሱ በማክሲሚያኖስ ተባርኮ ቅዳሴ ቤቱ የተከበረ ነው። ከውጭ ሲያዩት ጌጥ የራቀው የጡብ ሕንጻ ነው፤ ወደ መቅደሱ የቀረበ ሰው ግን ግድግዳውንና ጣራውን በሞዛይክ ተሸፍኖ ያገኘዋል።

የዚህን ሥራ ጥበብ ቀርቦ መመርመር ይገባል። ብልሃተኛው ስስ የወርቅ ቅጠል በሁለት ብርጭቆ መካከል አጣብቆ ከቈራረጠ በኋላ፣ ፍሬዎቹን በእርጥብ ልስን ላይ ሲተክል እያንዳንዱን ጥቂት ጥቂት ስለሚያዘነብለው፣ ተመልካቹ በተራመደ ቍጥር ብርሃኑ ከፍሬ ወደ ፍሬ ይዘዋወራል።

ከጥበቡ የሚልቀው ግን የምሥጢሩ ሥርዓት ነው። በአንድ ወገን አቤል ጠቦቱን፣ መልከ ጼዴቅ ኅብስቱን ይዘው በአንድ መንበር ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ በአንጻራቸው አብርሃም ሦስቱን እንግዶች በዛፍ ሥር ያስተናግዳል፣ ዳግመኛም ይስሐቅን ሊሠዋ ሰይፉን ያነሣል። ወደ ውስጥ ሲዘልቁ፣ ወደ አክሱሙ ንጉሥ ወደ ዐፄ ካሌብ መልእክተኞች የላከው ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ የወርቅ ጻሕል፣ ንግሥቲቱ ቴዎዶራ በዕንቍ ያጌጠ ጽዋዕ ይዘው ይታያሉ፤ በንግሥቲቱ ካባ ጠርዝም ሰብአ ሰገል እጅ መንሻቸውን እንደ ያዙ ተጠልፈዋል።

ብዙ ሊቃውንት ይህንን ሥዕል ራቬናን በእግራቸው ያልረገጡ ነገሥታት ሥልጣናቸውን ያሳዩበት ነው ይላሉ፤ አባባላቸውም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የሥዕሉን ሥርዓት ያወጣው ሊቅ ለነገሥታቱ ዙፋን አልሰጣቸውም፤ አክሊል እንደ ደፉ፣ ሐምራዊ እንደ ለበሱ፣ ከአቤል ጀምሮ በተሰለፉት መባእ አቅራቢዎች ተርታ አቁሟቸዋል እንጂ። በዚያ በውስጠኛው ክፍል በሰማያዊ ሉል ላይ የተቀመጠው ክርስቶስ ብቻ ነው።

ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ምእመን፣ እንደ ብዙዎቹ ጐብኚዎች ወደ ነገሥታቱ መልክ አይሽቀዳደም፤ ከአቤል ጠቦት ጀምሮ ሰልፉን ይከተል፣ እርሱም በበኩሉ ምን ይዞ እንደ መጣ ራሱን ይጠይቅ።