ሠፈራችን ሲለማ እኛም እንቆጠር

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የማኅበሩ ጸሐፊ ያደረገው ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



በመጀመሪያ ዝናቡን ሳትፈሩ ስለመጣችሁ በማኅበሩ ስም አመሰግናለሁ። እንደምታውቁኝ ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ንግግር ማሳመር አልችልም። የማወራው ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ እሱም ሠፈራችን በመልሶ ማልማት ይነሣል ስለሚባለው ነገር ነው።

ወሬው መቼም ያልገባበት ቤት የለም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና አራት ኪሎ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ሲነሡ አይተናል። እዚያ ዘመድ ያለን ሰዎች ዕቃ ስንጭን ውለናል። እንግዲህ እኛ ጋ አይመጣም ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ሞኝነት ነው።

ልማትን የምንጠላ ሰዎች አይደለንም። የጭቃ ቤታችንን ችግር ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለም። ክረምት በመጣ ቁጥር ጣራው ሥር ሳፋ የምንደቅነው፣ ለመጸዳጃ ቤት ሌሊት ወረፋ የምንጠብቀው እኛው ነን። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ ትንሽ ስለነበረ ድሀው ተጠለለበት፤ ይህ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን በዚያች ኪራይ ቤት አይታደስም፤ ተከራዩም የራሱ ስላልሆነ እንደ ልቡ ግድግዳ አያቆምም። እንዲህ እያለ ቤቱ አረጀ። ስለዚህ ጥያቄያችን «ሠፈሩ ይልማ ወይስ አይልማ» አይደለም። «ሲለማ እኛ የት ነን» ነው።

አሁን ደግሞ የራሴን ላውራ። ወደዚህ ሠፈር ከመምጣቴ በፊት የምኖርበት አካባቢ ለልማት ተነሥቶ ነበር። እኔ ከቀበሌ ቤት ተከራይ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው፤ ውል የለኝም። ስብሰባ ተጠራና ሄድኩ። ያከራየችኝ ሴትዮ «አደራህን እንዳትናገር፣ ማከራየቴ ከታወቀ ቤቱን እነጠቃለሁ» አለችኝ። እኔም ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ ዝም አልኩ። ወረቀት ሲዞር የመገኘት ፊርማ ነው ተባለና ፈረምኩ። በኋላ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ «ተሰብሳቢዎች በሙሉ ተስማምተዋል» ይላል። ለካስ የተስማማሁት እኔ ነኝ! ሴትዮዋ በስሟ ምትክ ቤት አገኘች፤ አልቀናሁባትም። እኔ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ አልነበርኩምና ፍራሼን ተሸክሜ ወጣሁ። ዝንብስ አልገባብኝም፤ ቤቴ ግን ከእጄ ወጣ።

ይህን የማወራው ለማሳዘን አይደለም። በሠፈራችን ዛሬም እንደ ያኔው እንደ እኔ ያለ ሰው በየጓሮው ስላለ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ባለይዞታው ቦታውን ከማስረከቡ ቢያንስ ከ1 ዓመት በፊት ስለ ልማቱ እንዲመከር ደንግጓል፤ ቦታው በአስቸኳይ ሲፈለግ ጊዜው ሊያጥር እንደሚችልም አብሮ ጽፏል። አቅም ያላቸው ባለይዞታዎች ተሰባስበው በፕላኑ መሠረት ራሳቸው እንዲያለሙም ቅድሚያ ሰጥቷል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ተሻሽሏልና ማንም ሰው በድሮው ቅጂ ብቻ እንዳይከራከር፤ ሁለቱንም ገዝተን በማኅበሩ ቢሮ እናስቀምጣለን። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ የሚያወራው ስለ ባለይዞታ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራይ የሚመካው በኪራይ ውሉ ነው። ከተከራይ ላይ የተከራየው ግን የሚመካበት ወረቀት የለውም። እሱን የሚያውቀው ጎረቤቱ ብቻ ነው።

ስለዚህ ኮሚቴው ሦስት ነገር እንዲወሰን ይጠይቃል።

አንደኛ፣ የሠፈሩን ሰው ሁሉ የምንመዘግብበት የራሳችን መዝገብ ይከፈት። ባለይዞታም፣ ተከራይም፣ ከተከራይ ላይ የተከራየም ይመዝገብ። በአንዳንድ ቤት ይህ ነገር እንደሚያስፈራ አውቃለሁ። መዝገቡ እንደ ዕድራችን ሣጥን በሦስት ሰው ቁልፍ ይቆለፋል። ስሙ የተጻፈበት ሰው ካልፈቀደ፣ ያከራየውም ሰው ካልተስማማ፣ ለየትኛውም ቢሮ አይሰጥም። ግን ቢያንስ እኛ እንተዋወቅ። ማን ስኳር በሽታ አለበት፣ የማን ልጅ ዘንድሮ ፈተና ይወስዳል፣ ማን እንጀራ ጋግራ በዚሁ ሠፈር ሸጣ ትኖራለች፤ ይህ ካልታወቀ «ጉዳታችን ይኸ ነው» ብለን ምን ይዘን እንናገራለን?

ሁለተኛ፣ በስብሰባ ላይ ማንም ሰው ሳያነብ እንዳይፈርም። ከፊርማው በላይ ያለው ርእስ ምን ይላል? ማንበብ የማይችል ልጁን ይጥራ፣ እኔንም ይጥራ፣ አላፍርበትም። ሐሳባችን በቃለ ጉባኤው ውስጥ እንዲጻፍ እንጠይቅ፤ ግልባጩንም እንጠይቅ። መናገር የፈራ ሰው ካለ ኮሚቴው ስሙን ሳይጠራ ሐሳቡን ያቀርብለታል።

ሦስተኛ፣ የምንነሣ ከሆነ ተበታትነን እንዳንሰጥ፣ የሚቻለውን ያህል በአንድ አካባቢ እንዲያደርጉን በጽሑፍ እንጠይቅ። ቤት ሊተካ ይችላል። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት የምትጠራው ጎረቤት ግን በዕጣ አይደርስም። ድንኳናችን፣ ብረት ድስታችን፣ ወንበራችን የዕድሩ ነው፤ ሰው ከተበተነ ማን ለማን ይተክለዋል?

የጠየቅነው ሁሉ ይፈጸማል ብዬ አልዋሻችሁም። ላይፈጸም ይችላል። ግን ሳንጠይቅ ከቀረን የሚወቀሰው ሌላ ሰው አይደለም። እኔ አንድ ጊዜ ዝም ብዬ አይቼዋለሁ፤ ሁለተኛ ዝም ማለት አልፈልግም።

እንግዲህ ጋሼም፣ እማማም፣ ወጣቶችም፣ የምትቃወሙም ብትሆኑ ተናገሩ። ተከራክረን እንወስን።

እግዚአብሔር ሠፈራችንን ይጠብቅልን።

(ከንግግሩ በኋላ ረዘም ያለ ክርክር ተደርጎ ሦስቱም ሐሳቦች በድምፅ ብልጫ ተወስነዋል። ምዝገባው ከእሑድ ጀምሮ በየቤቱ ይካሄዳል፤ ሥራ የሚውሉ አባላት ማታ ማታ በማኅበሩ ቢሮ መመዝገብ ይችላሉ።)