የፍጥነት ወሰንና የሹፌር ኃላፊነት



በመንገድ ላይ ሰው ሞቶ ሹፌር ችሎት ፊት ሲቆም ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው መከላከያ «ከተፈቀደው ፍጥነት አላለፍሁም» የሚል ነው። ቃሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ከኃላፊነት ነጻ ለማውጣት ግን ብቻውን አይበቃም። በመንገድ ዳር የተተከለው ቁጥር የመጨረሻው ወሰን እንጂ ሹፌሩ የግድ እንዲደርስበት የታዘዘ ፍጥነት አይደለም። ምልክቱን የተከለው ሰው የዛሬውን ዝናብ፣ የዛሬውን ጭጋግ፣ ከብት እየነዳ መንገድ የሚያቋርጠውን ልጅ አስቀድሞ ሊያይ አይችልም። ይህን የሚያየው መሪውን የጨበጠው ሰው ብቻ ነው።

በ1968 እ.ኤ.አ. በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት በአንቀጽ 13 ያሰፈረው መሠረተ ሐሳብም ይኸው ነው። ሹፌር የመሬቱን አቀማመጥ፣ የመንገዱን ሁኔታ፣ የተሽከርካሪውን ይዞታና ጭነት፣ የአየሩን ጠባይና የትራፊኩን ብዛት እያመዛዘነ ፍጥነቱን ዘወትር ማስተካከል አለበት፤ መለኪያውም ወደፊት አሻግሮ ሊያይ በሚችለው ርቀት ውስጥ ተሽከርካሪውን ለማቆም መቻሉ ነው።

ይህ መለኪያ በሜትር ሲሰላ ትርጉሙ ይገለጣል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሹፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ቢያንስ ይህን ያህል መንገድ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ለመቆም በደረቅ አስፋልት 20 ሜትር ያህል፣ በራሰ አስፋልት ግን 35 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። እንግዲህ በጣርማ በር ጭጋግ ውስጥ፣ አስፋልቱ ርሶ፣ የሚታየው መንገድ 40 ሜትር ብቻ ቢሆን በ60 የሚነዳ ሰው የሚነዳው በማያየው መንገድ ላይ ነው። ወደ 40 ቢያወርድ ግን በጠቅላላው 27 ሜትር ያህል ይበቃዋል። የመንገደኛው ሕይወት የተንጠለጠለው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

በቁልቁለት ደግሞ ጉዳዩ ይከብዳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። 20 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ መገታት ያለበት ኃይል፣ ያው መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሮጠ 40 ጊዜ ያህል እንዲቆም ከማድረግ ጋር ይተካከላል። ይህን ሁሉ ፍሬን ብቻውን ከተሸከመው ይግላል፤ ከመጠን በላይ የጋለ ፍሬንም መያዝ ይሳነዋል። ልምድ ያለው ሹፌር ስለዚህ ቁልቁለቱን ሳይጀምር ከባድ ማርሽ አስገብቶ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝለት ያደርጋል። መኪናው ከፈጠነ በኋላ ማርሽ ልቀይር ማለት ብዙውን ጊዜ ጊዜው ካለፈ በኋላ መንቃት ነው።

የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በቸልተኝነት ሰው ስለ መግደል በሚደነግገው አንቀጽ 543 የሌላውን ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ካለባቸው ሰዎች መካከል ሐኪምንና ሹፌርን በምሳሌነት ጎን ለጎን ይጠራል። ሕጉ ይህን ሲል ሙያውን አክብሮታል፤ ሸክሙንም አክብዶበታል። ሐኪም የበሽተኛውን ሁኔታ ሳይመረምር መድኃኒት እንደማያዝ ሁሉ፣ ሹፌርም መንገዱን ሳይመረምር ፍጥነቱን ሊወስን አይገባውም።

ይሁን እንጂ ሸክሙ በሹፌሩ ጫንቃ ላይ ብቻ መጣል የለበትም። ደመወዙን በምልልስ ቁጥር የሚቆርጥለት፣ የመድረሻ ሰዓቱን ዝናብና ጭጋግን ሳይቆጥር የሚወስንበት ባለ ንብረት የችኮላው ተካፋይ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በመንገድ ላይ የፈሰሰ ደም ግን አይለቀምም።

ስለሆነም መርማሪውም ዳኛውም፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ሹፌሩ ራሱ፣ «ስንት ኪሎ ሜትር ተፈቅዷል?» በሚለው ጥያቄ ላይ መቆም አይገባቸውም። ተከታዩና ዋናው ጥያቄ «በሚታየው መንገድ ውስጥ መቆም ይቻል ነበርን?» የሚለው ነው።