መኪናዋ ናፍጣ በበላች ሹፌሩ እንጀራውን ይጣ?!

(በቢቸናና በሞጣ መስመር ለሚሠሩ ሹፌሮችና ባለንብረቶች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለአንባቢም ይድረስ ስለተባለ ከጥቂት እርማት ጋር እነሆ።)



እኔ መካኒክ አይደለሁም። እጄን የሚያጠቁረው የብዕር ቀለም እንጂ ግራሶ አይደለም። ሆኖም በዚህ መስመር ስመላለስ፣ ጋራዥ ደጃፍ ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ፣ ባለንብረትና ሹፌር ሲካሰሱ ሳዳምጥ የታዘብኩት ነገር አለ። መኪና በድንገት ነዳጅ መብላት ስትጀምር የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ፍሬኑ አይደለም። ቴርሞስታቱም አይደለም። ነዳጁ ራሱም አይደለም። ሹፌሩ ነው! «ሸጦታል!» ይባላል፤ አለቀ፣ ደቀቀ። ልኬት የለ፣ ምርመራ የለ። ፍርዱ ከክሱ ይቀድማል።

ነዳጅ የሚሸጥ ሹፌር የለም ብዬ ልሟገታችሁ አልመጣሁም። አለ። እዚህ አዳራሽ ውስጥም ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው፤ አትሳቁ! እኔ የምለው ሌላ ነው። ሌባውን ከንጹሑ የምንለየው በምንድን ነው? በመሐላ? በለቅሶ? ወይስ በቁጥር?

ነገሩን ከቀልድ ያወጣው ዋጋው ነው። በ2014 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን መቀነስ ሲጀምር አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። ያኔ ጉድ! ተባለ። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥ መጨረሻ ደግሞ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ። ናፍጣም ተከትሎት መቶ ብር ደጃፍ ላይ ቆመ። በሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ እጥፍ ማለት ነው፤ ያውም ከማደያ ከተገኘ! ከጥቁር ገበያ በጀሪካን ሲገዛማ ዋጋውን የሚተምነው የሻጩ አንጀት ነው። ድሮ መኪና ትንሽ ብትበላ «ትብላ» ይባል ነበር። አሁን በሊትር 9 ኪሎ ሜትር ትሄድ የነበረች ሚኒባስ ወደ 6 ከወረደች፣ በየመቶ ኪሎ ሜትሩ አምስት ሊትር ተኩል ተጨማሪ ትጠጣለች። ሊትሩን በመቶ ብር አስቡት። ከመቶ ኪሎ ሜትር 550 ብር ወዴት ሄደ? ባለንብረቱ ቢቆጣ አይፈረድበትም።

የአበው ብሂል «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላል። የዚህ ነገር ሥሩ ልኬት ነው። መኪናዋ በእርግጥ ትበላለች ወይ? ብዙ ሰው የሚያየው የዳሽቦርዱን ቀስት ነው። ቀስቱ ይዋሻል! ዳገት ላይ ሌላ፣ ቁልቁለት ላይ ሌላ ይናገራል። ትክክለኛው ልኬት አንድ ነው፤ ታንከሩን ጢም አድርጎ መሙላት፣ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር መጻፍ፣ መንዳት፣ እንደገና እዚያው ቦታ ላይ ጢም አድርጎ መሙላት። ሁለተኛው የገባው ሊትር ነው የተቃጠለው። የሄደችውን ኪሎ ሜትር ለዚያ አካፍሉት። አንዴ ብቻ አይበቃም፤ ሦስት ጊዜ ይሁን።

መንገዱም አንድ ዓይነት ይሁን። ከአዲስ አበባ ቢቸና የተጓዘችውን ከቢቸና ሞጣ ከተጓዘችው ጋር እያወዳደረ የሚጣላ ሰው አውቃለሁ። እንዴ! ከጎሐ ጽዮን ዓባይ በረሃ ወርዳ ደጀን የወጣች መኪና ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዳ ያንኑ ያህል ሽቅብ ቧጥጣለች። የትሜንን አልፎ እስከ ቢቸና፣ ከዚያም ደብረ ወርቅን ይዞ እስከ ሞጣ ያለው ሌላ ዓለም ነው። ጤፍ የጫነችና ባዶዋን የምትመለስ መኪናም በአንድ ሚዛን አይመዘኑም።

አሁን ወደሚያሳዝነው ልምጣ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለክልሉ የአስቸኳይ ጊዜ ዓዋጅ ከታወጀ ወዲህ በዚህ አገር መንገድ ምን ምን እንዳየ እናንተ ለእኔ ትነግሩኛላችሁ እንጂ እኔ ለእናንተ አልነግርም። መንገድ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ኬላ ላይ መቆም መጣ፤ ማደያ ደጅ ማደር መጣ። ሞተሩን አስነስቶ የቆመ የናፍጣ ሚኒባስ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊያቃጥል ይችላል። በዚያች ሰዓት የሄደው ኪሎ ሜትር ስንት ነው? ዜሮ! አስር ሊትር በምትፈጅበት መንገድ ላይ ሦስት ሰዓት ሞተር ሳይጠፋ ከተቆመ አስራ ሦስት ሊትር ሆነ። መኪናዋ ጤነኛ ናት፤ ሹፌሩም ንጹሕ ነው። ሂሳቡ ግን ሌባ አስመሰለው።

ቀጥሎ የሚመረመረው የተገዛው ነገር ነው። በግንቦት 2015 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ነዳጅ በስልክ ካልከፈላችሁ አትቀዱም ተባለ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ በክልሉ ኢንተርኔት ተቋረጠ። ይህን የሚያስታርቅ ሊቅ ካለ ይምጣ! ሰዉ ወደ ጀሪካንና ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ ሄደ። ጀሪካን ደግሞ ሊትሩን በራሱ አይናገርም። ሃያ ሊትር የተባለው አሥራ ስምንት ከሆነ፣ ገና ሞተሩ ሳይነሳ ከአሥር አንድ እጅ ጠፍቷል ማለት ነው። ይህን ጉድለት የትኛውም መካኒክ በመፍቻ አያገኘውም።

ቅልቅልም አለ። ቤንዚን ውስጥ ጋዝ ወይም ናፍጣ ከገባ ሞተሩ ያንኳኳል፣ ጉልበት ያጣል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ከሲጋራና ከክብሪት ራቅ ብላችሁ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብታ አድርጉ። ንጹሕ ቤንዚን ቶሎ ተንኖ ይጠፋል፤ ጋዝ ያለበት ግን እንደ ቅባት ያለ ምልክት ይተዋል። ውኃ ከጠረጠራችሁ በብርጭቆ ጠርሙስ ቀድታችሁ አሳድሩት፤ ውኃው ከሥር ይዘቅጣል። ናፍጣ ውስጥ የገባ ጋዝ ግን በዚህ አይያዝም። እዚህ ላይ ሚዛን እንጠብቅ። ናፍጣ ላይ ጋዝ መቀላቀል ፍጆታ የሚጨምረው ከመቶ ጥቂት እጅ ነው። ትልቁ ጉዳቱ ፖምፓው ላይ ነው፤ ጋዝ እንደ ናፍጣ አያለሰልስምና ብረቱን ይበላዋል። ስለዚህ ከ9 ወደ 6 የወረደችውን መኪና «ነዳጁ ቅልቅል ነው» ብሎ መተውም አያዋጣም።

እንግዲህ ልኬቱም ደኅና፣ ነዳጁም ደኅና፣ መቆምም የለም እንበል። ያኔ መኪናዋን እንፈትሻለን። እዚህ ጋ አንድ የማውቀውን ታሪክ ልንገራችሁ።

ባለንብረቱ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። አባዱላ ሚኒባሱ ከቢቸና ሞጣ ትሠራለች። በአንድ ሳምንት ውስጥ ፍጆታዋ አሻቀበ። ሹፌሩን በስልክ አፋጠጠው። «ጋሼ፣ አባቴ ይሙት አልሸጥኩም!» አለ ልጁ። ማን ይስማው? ተባረረ። ሌላ ተቀጠረ፤ መኪናዋ ያንኑ ያህል ጠጣች። ባለንብረቱ «ሁሉም ሌባ ነው» ብሎ ሦስተኛ ሊቀጥር ሲል፣ ሞጣ ላይ አንድ ሽማግሌ መካኒክ መኪናዋ መንገድ ላይ ቆይታ እንደገባች እጃቸውን ወደ አራቱም ቸርኬ አስጠጉ። ሦስቱ ለብ ብለዋል። የግራው የኋላ ግን እሳት ነው! ለካ ነገሩ ሊጀምር አካባቢ አንድ ጋራዥ የፍሬን ሸራ ቀይሮላት ነበር። የፍሬኑ ሲሊንደር ነክሶ ቀርቶ፣ ምስኪኗ መኪና ፍሬኗን እንደያዘች ነበር የምትሮጠው። ያው ጋራዥ ቴርሞስታቱንም «ለዚህ አገር አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶታል። ሁለቱም ተስተካከሉ፤ ፍጆታዋ በሊትር ወደ ስምንት ተኩል ተመለሰ። ባለንብረቱን ስለ መጀመሪያው ሹፌር ጠየቅኩት። «ደወልክለት?» አልኩት። «ደውዬ ምን ልበለው?» አለኝ። ልጁ ያኔ ቢቸና ውስጥ የሰው ባጃጅ ተከራይቶ ይነዳ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምትይዙት ነገር አለ። በድንገት የመጣ ነገር ድንገተኛ ምክንያት አለው። ሞተር ሲያረጅ ቀስ እያለ ነው የሚበላው። በአንድ ሳምንት ከመጣ ግን ጥያቄው «በዚያ ሳምንት ምን ተነካ?» ነው። ፍሬን ተሠራ? ጎማ ተቀየረ? (የጎማው ልክ ከተለወጠ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ይሳሳታል፤ ይህን ስንቱ ያውቃል?) ፖምፓ ተፈታ? ነዳጅ የሚቀዳበት ቦታ ተለወጠ?

ስለ ቴርሞስታት ጥቂት ልጨምር፤ ምክንያቱም ይሄ በሽታ በየጋራዡ አለ። መኪና ስትሞቅ ቴርሞስታት ነቅሎ መጣል እንደ ብልሃት ይቆጠራል። ቢቸናና ሞጣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ የማለዳውን ብርድ ታውቁታላችሁ። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር ሙቀቱ ልክ ላይ ሳይደርስ ይውላል። ኮምፒዩተር ያላት መኪና ከሆነች ደግሞ ኮምፒዩተሩ «ሞተሩ ገና አልሞቀም» ብሎ ነዳጅ ይጨምራል፤ ቀኑን ሙሉ! ዳሽቦርድ ላይ የምትበራውን የሞተር መብራት በፕላስተር የሚሸፍኑም አሉ። እባካችሁ፣ ያቺ መብራት የተበላሸ ኦክስጅን ሴንሰር እየጠቆመች ሊሆን ይችላል። እሱ ክፉኛ ከተበላሸ ማስጠገኑ ብቻ በሊትር የሚሄደውን ኪሎ ሜትር እስከ 40 በመቶ ሊያሻሽል እንደሚችል የአሜሪካ የኃይል መሥሪያ ቤት ጽፏል።

የናፍጣ መኪና ያላችሁ ጠዋት ጠዋት የሞተር ዘይቱን ተመልከቱ። ሳትጨምሩበት ዘይቱ ከፍ ካለና ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ፣ የጠፋው ናፍጣ እዚያ ውስጥ ነው። ሞተሩ ሳይነክስ አቁሟት!

ስለ ጎማ ነፋስ ብዙ ይወራል። ነፋስ ይሞላ፣ ጥሩ ነው፤ ለጎማውም ለሕይወታችሁም ነው። ነገር ግን አራቱም ጎማ አሥር አሥር ነጥብ ቢጎድላቸው ፍጆታ የሚጨምረው ከመቶ ሁለት ያህል ነው። ሦስተኛውን እጅ ጎማ አልበላውም። የአየር ፊልትሮም እንዲሁ። በአሮጌዋ ባለ ካርቡሬተር ዲኤክስ ላይ ሲታፈን ፍጆታ ይጨምራል፤ በአዲሶቹ ላይ በአብዛኛው የሚቀንሰው ጉልበት ነው።

«ከፍታው ነው» የሚሉም አሉ። ውሸት አይደለም። እዚህ ያለው አየር ከባሕር ዳር አገር አየር ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው። ቆላ አገር የተስተካከለ ካርቡሬተር እዚህ ሲመጣ ነዳጅ ያበዛል፤ ጭሱ ይጠቁራል። ያስተካክሉታል፣ ያበቃል። ግን መኪናዋ እዚሁ ከርማ በዚህ ሳምንት መብላት ከጀመረች ሞጣ ትናንት ሌሊት ከፍ አላለችም!

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉን ታስታውሳላችሁ። ኤሌክትሪኩ ለሞጣ መስመር እስኪደርስ ያለችውን መያዝ ነው።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ በየመኪናው አንድ ደብተር ይኑር። ቀን፣ ኪሎ ሜትር፣ ሊትር፣ የተቀዳበት ቦታ፣ ጭነት፣ ኬላና ሰልፍ ላይ የተቆመበት ሰዓት፣ በጋራዥ የተነካ ነገር። ሹፌሩም ባለንብረቱም ይፈርሙበት። ከማደያ የተቀዳ ከሆነ የስልኩ የክፍያ መልእክት አይጥፋ፤ በጀሪካን ከሆነ ደግሞ ሊትሩ በሚታወቅ ዕቃ ተለክቶ ይግባ። ሦስት ሙሊት ተቆጥሮ ቁጥሩ አሁንም ከወረደ፣ መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁሙና ማርሹን ባዶ አድርጋችሁ ግፏት። በእጅ አልነቃነቅ ካለች ፍሬኑን አስፈትሹ።